የጨው ቤቱ ድንጋይ

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ

አዲስ ደብተር። ኢርምጋርት ለገና የሰጠችኝ ነው፤ «አንድ ነገር ሦስት ጊዜ ከምትነግረኝ እዚህ ላይ ጻፈው» ብላ። አርባ ዓመት በትዳር የኖረ ሰው የሚያገኘው ስጦታ እንዲህ ያለ ነው።

ዛሬ ከንቲባዋ ደወሉ። ክሊንገንፉርት ዘንድሮ ስምንት መቶ ዓመት ይሞላታል። ለበዓሉ በሚወጣው መጽሔት ላይ ስለ ከተማችንና ስለ ባህል ሕይወቷ ስምንት ገጽ እንድጽፍ ይፈልጋሉ፤ እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ። «ከእርስዎ በቀር ማን ይጽፈዋል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከሃምሳ ዓመት በታች ያለ የከተማው ሰው ታሪክ የተማረው ከእኔ ነው፤ ሙዚየሙንም የምጠብቀው እኔ ነኝ። «ስለ ድንጋዩ በደንብ ይጻፉልን፤ ጎብኚዎች ይወዱታል» ብለው ዘጉት።

ጃንዋሪ 10፣ ዓርብ

የዝማሬ ማኅበሩ ልምምድ። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። ቀጭን ድምፅ ያለን ወንዶች አራት ብቻ ነን፤ ሁለታችንን ጉንፋን ይዞናል። መሪያችን ኔሌ ሁለት ሰዓት ሙሉ አንዴም አልተቆጣችም፤ ይህ ጥሩ ምልክት አይደለም።

ከዚያ ስብሰባ ተቀመጥን። የትምህርት ቤቱ ጣሪያ ሊታደስ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የሚቀመጠው የዜማ ወረቀታችን በሙሉ እስከ ወሩ መጨረሻ መውጣት አለበት። ሰባ ሁለት ሣጥን ነው። የማኅበሩ ሰዎች በመቶ ስልሳ ዓመት ውስጥ በእጃቸው የገለበጡት ነው፤ ግማሹ ሌላ ቅጂ የለውም። ሊቀ መንበራችን ሁበርት ዳቦ ጋጋሪ ስለሆነ ነገር ማሳደር አይወድም። «ጨው ቤት እናግባው» አለ። ድሮ የጨው መጋዘን የነበረው ወንዝ ዳር ያለው ቤት ነው። ልምምዳችንም ሙዚየሜም የልጆቹ የአሻንጉሊት ትርኢትም እዚያ ነው። ፎቁ በሙዚየሙ ዕቃ ስለተጨናነቀ ሁበርት ያለው ምድር ላይ ያለውን አዳራሽ ነው።

«ወንዙስ?» አለች ኔሌ።

ከሰሜን የመጣች ናት፤ እዚህ ገና አራት ዓመቷ ነው። ሳቁባት። በጨው ቤቱ ጥግ ላይ የ1909 ድንጋይ አለ፤ የማይን ወንዝ በዚያ ዓመት የደረሰበት መስመር ተቀርጾበታል። በዚያው ልክ ከውስጥ ግድግዳው ዙሪያውን ቀይ መስመር ተሰምሯል። ከቀይ መስመሩ ሁለት ጋት ከፍ ብሎ የተቀመጠን ነገር ውሃ አይነካውም። በዚህ ከተማ ይህን የማያውቅ ልጅ የለም።

«ሎታርን ጠይቂው፤ መስመሩ ሃይማኖቱ ነው» አላት ሁበርት።

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። «ከ1909 ወዲህ ውሃ ያን መስመር አልፎ አያውቅም» አልኩ። ይህ እውነት ነው።

ኩንክል ወፍራም ድምፅ ካላቸው ወንዶች መሀል ተቀምጦ ጫማውን ያይ ነበር።

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ

ጽሑፉን ጀመርኩ። «ክሊንገንፉርት አራት ሺህ ሁለት መቶ ነዋሪ፣ ሁለት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ የትንፋሽ ሙዚቃ ቡድን፣ አንድ የዝማሬ ማኅበርና ከወንዙ ማዶ አንድ ጠላት አላት።» ኢርምጋርት አንብባ፣ የመጨረሻዋን አውጣት አለችኝ። የማዶው ከተማ ኡንተራው ጠላት ካልሆነ ምን ልበለው? ጎረቤት ብዬ ጻፍኩ።

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ

ኩንክልን ዳቦ ቤት አገኘሁት። ቫልዴማር ኩንክል ግንበኛ ነበር፤ አምና ጡረታ ወጣ። ሠላሳ ዓመት አብረን ዘምረናል። በማኅበሩ ሁሉም ሰው አንተ ይባባላል፤ እሱ ብቻ እኔን «መምህር፣ እርስዎ» ይለኛል። አክብሮት ነው ብዬ ነው የያዝኩት።

«መደርደሪያውን እኔ እሠራዋለሁ» አለኝ። «ግን ሁለት ጋት ይበቃል ይላሉ?»

«ሁልጊዜም በቅቷል።»

«አራት ባደርገውስ?»

«ላይኛው ረድፍ ጣሪያውን ይነካል» አልኩት። እውነቴን ነው፤ ይነካል።

ራሱን ነቅንቆ ዳቦውን ይዞ ወጣ። እጀ ወርቅ ሰው ነው። የአባቱ የግንበኝነት ድርጅት ለእሱ መሆን ነበረበት፤ ግን ወደ እህቱ ባል ሄደ። እሱ እስከ ጡረታው ከእህቱ ባል ሥር ተቀጥሮ ሠራ። ለምን እንደሆነ በከተማው የሚያውቅ የለም። የሰው ቤት ጉዳይ ነው።

ጃንዋሪ 19፣ እሑድ

ከሙዚየሙ መሳቢያ ፎቶውን አወጣሁ። ለጽሑፉ ያስፈልገኛል። በ1931 ማኅበሩ ጨው ቤት ፊት ለፊት ቆሞ የተነሣው ነው። በስተቀኝ ድንጋዩ ይታያል። መስመሩ ከመስኮቱ ደፍ በላይ ነው። ዛሬ ግን ከደፉ በታች ነው። ወርጄ በሜትር ለካሁ፤ ተመልሼ አሰላሁ። ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር።

ይህን የማውቀው ከ1991 ጀምሮ ነው። ማወቅ ከባድ ቃል ነው። ፎቶ ያዛባል።

ለማስታወሻ ያህል፦ በ1988 ግድግዳው ሲታደስ ድንጋዩ ወጥቶ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ከፍታው ከመንገዱ ተለካ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ አራት። ከሦስት ወር በኋላ ሊመለስ ሲል ከመንገዱ አንድ ሜትር ከስልሳ አራት ተለክቶ በጠመኔ ተሰመረ፤ ግንበኛው በጠመኔው ምልክት ልክ አቆመው። በመሀሉ ግን ጋሪና ተሽከርካሪ ወንበር ያለ ደረጃ እንዲገባ ተብሎ መንገዱ ተቆፍሮ ዝቅ ብሎ ነበር። የውስጡ ቀይ መስመርም በኋላ በድንጋዩ ልክ ተሰመረ። ያን ጊዜ ጥድፊያ ነበር። ሁሉም ይሯሯጥ ነበር።

ግንበኛው ኩንክል ነበር።

ፎቶውን ወደ መሳቢያው መለስኩት። ለመጽሔቱ ሌላ ፎቶ አለ፤ የትንፋሽ ሙዚቃ ቡድኑ ያለበት።

ጃንዋሪ 25፣ ቅዳሜ

ሣጥኖቹ ገቡ። ስምንት ሰው፣ ሁለት ጋሪ፣ አንድ ድስት የምስር ሾርባ ከቋሊማ ጋር። የኩንክል መደርደሪያ ያምራል። ከቀይ መስመሩ ሁለት ጋት ነው ብለን የተስማማነውን እሱ ሦስት አድርጎታል፤ ለካሁት። ምንም አላልኩም። ሦስት ጋት ሠላሳ ሳንቲሜትር አይሞላም።

አልሙት፣ ጸሐፊያችን፣ ሣጥኖቹን ቁጥር ሰጠቻቸው። አንዱን ከፍታ አሳየችኝ። በ1874 አንድ የኛ ከተማ መምህር የጻፈው የመከር ዜማ ነው፤ ጥግ ላይ የወይን ጠጅ ብርጭቆ ክብ ምልክት አለ። «ይህን ሰው ብዙ ጊዜ አስበዋለሁ፤ እየጠጣ ሲገለብጥ» አለች። በጣም ሳቅን።

ጃንዋሪ 29

በላይኛው አገር ተራራው ላይ አንድ ሜትር በረዶ ጥሏል ይላሉ። ጽሑፉ ሦስተኛው ገጽ ላይ ቆሟል። ድንጋዩ ጋ ደርሼ ነው የቆምኩት።

ፌብሩዋሪ 3፣ ሰኞ

ኢርምጋርት፦ «የሆነ ነገር ውስጥህን እየበላው ነው።»

እኔ፦ «ጽሑፉ ነው።»

እሷ፦ «አንተ ስለ ናፖሊዮን ጦር አርባ ገጽ ስትጽፍ ሁለት ኪሎ የጨመርክ ሰው ነህ።»

ፌብሩዋሪ 6፣ ሐሙስ

ዝናብ። ሞቅ ያለ ዝናብ፤ የከፋው እሱ ነው፤ በረዶውን ያወርደዋል። የወንዙ መለኪያ በአንድ ቀን ሰማንያ ሳንቲሜትር ጨመረ። ወንዝ ዳር ያሉት ያለ ጫጫታ የምድር ቤታቸውን ዕቃ እያወጡ ነው። መጠጥ ቤቱ ክፍት ነኝ ለማለት በሩ ላይ የሚሰቅለውን መጥረጊያ አወረደ፤ ወይኑን ፎቅ አወጡ። በውሃው ላይ የሚዘረጉት የመሄጃ ሳንቃዎች ከማዘጋጃ ቤቱ መጋዘን ወጡ። ይህን ከተማ የምወደው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። የሚጮህ የለም፤ ሁሉም የየራሱን ያውቃል።

ፌብሩዋሪ 9፣ እሑድ

ትንበያው ወጣ፦ ማክሰኞ ከሰዓት፣ የ1909 ልክ፤ ምናልባትም ትንሽ ከፍ ያለ።

ሁበርት ደወለ። «ነገ በአራት ሰዓት ጨው ቤት እንገናኝ፤ ወንበሩንና ፒያኖውን እናነሣለን። ሣጥኖቹ ከመስመሩ በላይ ናቸው፤ እግዚአብሔር ይመስገን።»

እሺ አልኩት። እራት አልበላሁም።

ፌብሩዋሪ 10፣ ሰኞ

የሆነውን እንዳለ ልጻፈው።

አሥራ ሁለት ሰው ነበርን። ወንዙ ዳርቻውን አልፎ መንገዱ ላይ ወጥቷል፤ ቦቲ አድርገን ገባን። ፒያኖዋን ሰባት ሆነን በሣንቃ ፎቅ አወጣናት፤ ወንበሮቹ ወጡ፤ መጋረጃው ወጣ። ሁበርት እጁን አራግፎ «በቃ፣ ወደ ቤት» አለ።

«ሣጥኖቹንም ብናወጣ?» አልኩ።

«ለምን?»

«እርጥበት አለ። ወረቀት እርጥበት አይወድም።»

«ሁለት ቀን ነው፣ ሎታር።»

«አይጥም ወደ ላይ ይሸሻል።»

«ታዲያ ፎቅ ብናወጣው አይጡ ወዴት ሊሸሽ ነው?» አለ ሁበርት፤ ሁሉም ሳቁ። ደረጃው ጠባብ ነው፤ ሰባ ሁለት ሣጥን ነው፤ ሁሉም ገና የራሱን ምድር ቤት አልጨረሰም። «ቀይ መስመርና ሁለት ጋት እያልክ ሠላሳ ዓመት ያደነቆርከን አንተ አይደለህም እንዴ? ልጄ በፈተና ላይ ሁለት ጋት ማለት ረስታ ዝቅ ያለ ነጥብ ሰጥተሃታል!»

ሰጥቻታለሁ።

ኔሌ ግን አልሳቀችም። «ሎታር፣ የምታውቀው ነገር አለ?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ወጣ። «ድንጋዩ ትክክለኛ ቦታው ላይ አይደለም። ሠላሳ ስምንት ሳንቲሜትር ዝቅ ብሏል። የ1909 ውሃ ከመጣ የታችኛው ረድፍ ይጠፋል።»

ሁበርት ግድግዳውን አየ፤ መስመሩን አየ፤ በዓይኑ ሲለካ ታየኝ።

«እንዴት ዝቅ ይላል? ማን ነው ያቆመው?»

«እኔ ነኝ ያቆምኩት» አለ ኩንክል።

ቀጥሎ አንድ ነገር መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ። ሁበርት ግን «ቫልዴማር! ምን ጠጥተህ ነበር?» ብሎ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለ፤ ኩንክል ከሁሉ በፊት አንድ ሣጥን አንሥቶ ደረጃውን ይዞ ነበር። ከዚያ ሰልፍ ሠርተን ከእጅ ወደ እጅ እያቀበልን አወጣን። እኔ ደረጃው መሀል ነበርኩ። ከኔ በታች ኩንክል ነበር። ሰባ ሁለት ጊዜ ከእጁ ተቀበልኩ።

በዚያ መሀል እንዲህ ያለ ነገር አይወራም። ጊዜም አልነበረም።

ፌብሩዋሪ 11

ውሃው ጨው ቤት ገባ። ስምንት ሰዓት ላይ ቀይ መስመሩን ነካ። በጀልባ ሄደው ያዩት የእሳት አደጋ ሰዎች ናቸው የነገሩን። በአሥራ አንድ ሰዓት ድንጋዩ አይታይም ነበር።

ፌብሩዋሪ 12

ቆመ። ከቀይ መስመሩ ሠላሳ አራት ሳንቲሜትር በላይ። የኩንክልን መደርደሪያ የታችኛውን ሳንቃ አልፏል።

ፌብሩዋሪ 14፣ ዓርብ

ውሃው መውረድ ሲጀምር አብሮት ነው የሚጸዳው፤ ከዘገየ ጭቃው ይደርቅና ድንጋይ ይሆናል። ጠዋት እስከ ጉልበታችን ገብተን በወንዙ ውሃ ግድግዳውን አጠብን። ኩንክል ከሁሉ በፊት መጥቶ ነበር። ጎን ለጎን ጠረግን። «ደህና ይጠርጋሉ፣ መምህር» አለኝ። ቀልድ ይሁን አይሁን አላወቅኩም።

ከጋዜጣ አንዲት ልጅ መጥታ ፎቶ አነሣችኝ። እኔ ደረጃው ላይ፣ ሣጥን ይዤ። ሣጥኑ ባዶ ነበር፤ የሚያዝ ነገር ያስፈልጋል ብላ ነው።

ፌብሩዋሪ 17፣ ሰኞ

ጋዜጣው፦ «የመቶ ስልሳ ዓመት ዜማ ያዳነው ንቁ ዓይን»። ከታች በትንሹ ደግሞ፦ «ድንጋዩ በ1988 በግንባታ ስሕተት ዝቅ ብሎ ተተክሎ እንደነበር ተደርሶበታል።»

በግንባታ ስሕተት አላልኳትም። ድንጋዩ ዝቅ ብሎ ነው የተተከለው ነው ያልኳት። የቀረውን ራሷ ጨመረችው።

ከንቲባዋ ደወሉ፤ ታሪኩ በጽሑፉ ውስጥ ይግባ አሉ። ከኡንተራው ሳይቀር ሁለት ሰው ደውሎ አመሰገነኝ። ከዳቦ ቤት እስከ ቤቴ አምስት ሰው ጨበጠኝ። ደስ ይላል። አይልም ብዬ አልዋሽም።

ፌብሩዋሪ 21፣ ዓርብ

ልምምድ በትምህርት ቤቱ ጂምናዚየም። ኩንክል መጣ። ሲገባ ከኋላ አንዱ «ውሃ ልክህን ይዘሃል?» አለው። ግንበኛን እንዲህ ብሎ መጠየቅ ዘማሪን ጆሮ አለህ ወይ እንደማለት ነው። ፈገግ አለና ተቀመጠ። በእረፍት ሰዓት ወደ ቤቱ ሄደ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ በእረፍት ሰዓት ሲሄድ አይቼው አላውቅም።

ጽሑፉን ጨረስኩ፤ ስለ ድንጋዩ ካለው አንቀጽ በቀር።

ማርች 1፣ ቅዳሜ

የካርኒቫል ምሽት። ልጽፈው አልፈልግም፤ ግን እንቅልፍ የለም።

እንደ ወጉ ሁበርት መድረኩ ላይ ባለው ባዶ በርሜል ውስጥ ቆሞ የዓመቱን ሰዎች በግጥም ነካካ። ከንቲባዋን፣ ቄሱን፣ ሦስት ጊዜ የተቆፈረውን የባቡር ጣቢያ መንገድ። በርሜሉ ውስጥ የተባለ ነገር አያስከፋም፤ ሕጉ ነው። የተነካ ሰው ወደ መድረክ ወጥቶ ከተናጋሪው ጋር አንድ ብርጭቆ ይጠጣል፤ የወረቀት ሜዳልያ ይንጠለጠልለታል። እምቢ ያለ ሰው ዓመቱን ሙሉ ኩርፈኛ ሲባል ይኖራል። ከዚያ እንዲህ አለ፦

ኩንክል ለማይን ወንዝ አንጀቱ ራራለት፣
እንዳይንጠራራ ድንጋዩን ዝቅ አረገለት።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። የትንፋሽ ሙዚቃ ቡድኑ ሦስት ጊዜ ነፋ። ኩንክል ተነሣ፤ በጠረጴዛዎቹ መሀል አልፎ ወጣ፤ ጠጣ፤ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ሜዳልያውን ተቀበለ። ከካርቶን የተሠራ የውሃ ልክ ነበር፤ ጠማማ። እየሳቀ ነበር። ሚስቱ ካፖርቷን ለብሳ ወጣች።

ቀጥሎ እኔን አነሣ፦ «ከተማውን ያዳነ ዓይን» ምናምን። እኔም ወጣሁ። ለእኔ የተሰጠችኝ የካርቶን ዓይን ነበረች። መድረኩ ላይ ጎን ለጎን ቆመን ፎቶ ተነሣን።

እኔም ስቄያለሁ። በግጥሙ ጊዜ። ከሌሎቹ ጋር።

ማርች 2፣ እሑድ

ኢርምጋርት ድንች እየላጠች፣ ቀና ሳትል፦

«አባትየው የመጣ ቀን እዚሁ ወጥ ቤት ነበርኩ።»

ምን እንደምትል ወዲያው ገባኝ። በ1991 የኡንተራው መምህር በጋዜጣ ላይ «የክሊንገንፉርት ድንጋይ ከእኛው የ1909 ድንጋይ ጋር አይስማማም» ብሎ ጻፈ። ከተማው በሙሉ ሳቀበት፤ ኡንተራው ከእኛ ጋር የተስማማበት ቀን መች አለና። ሽማግሌው ኩንክል፣ የቫልዴማር አባት፣ ግን አልሳቀም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ በራችን ላይ ቆመ። «መምህር፣ ልጄ ነው የተሳሳተው ወይስ ልኬቱ?» አለኝ።

«ምን አልከው?» አለች ኢርምጋርት።

«ልኬቱ ትክክል ነው አልኩት።»

«ትክክል ነበር?»

«አንድ ሜትር ከስልሳ አራት ነው ተብሎ ነበር፤ አንድ ሜትር ከስልሳ አራት ነው የተለካው።»

«ሎታር።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ፎቶውን ያገኘኸው ከዚያ በፊት ነው በኋላ?»

«በፊት» አልኩ። «በሁለት ሳምንት።»

ልጣጩን ጠቅልላ ጣለችው። «በዓመቱ ድርጅቱን ለአማቹ ሰጠው። ያን ጊዜም ነግሬሃለሁ።»

ነግራኝ ይሆናል። ምሳችንን በላን። ድንቹ ጨው አልነበረውም፤ ሁለታችንም አልጨመርንም።

ማርች 5፣ ረቡዕ

ኩንክል ቤት ሄድኩ። አጥሩ ጋ ወይን እየገረዘ ነበር። ልነግረው ነው የሄድኩት። ስለ ወይኑ አወራን። ስለ ጭቃው አወራን። ከዚያ መቀሱን አስቀምጦ፦

«መምህር፣ ድንጋዩን በኤፕሪል አውጥቼ ቦታው እመልሰዋለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ፤ ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈልግም። አስቀድሜ ልነግራችሁ ይገባ ነበር፤ አባቴ ከነገረኝ ጀምሮ አውቃለሁ። አፈርኩ። መደርደሪያውን ሦስት ጋት ያደረግኩት ለዚያ ነው፤ ከዚያ በላይ ባደርገው ትጠይቁኛላችሁ ብዬ ፈራሁ። ወረቀቱ ቢጠፋ ኖሮ ምን እሆን ነበር?»

እኔ ምን አልኩ? «አትቸኩል፣ ቫልዴማር፤ ድንጋዩ የትም አይሄድም» አልኩት።

እነዚህ ናቸው የተናገርኳቸው ቃላት። ከዚያ ሚስቱ የሰጠችኝን ሁለት ማሰሮ የፕለም ማርማላታ ይዤ ቤቴ ገባሁ።

ፈሪ ነኝ። እዚህ ላይ እንኳ ስጽፈው «ተለካ»፣ «ተሰመረ» እያልኩ ነው የጻፍኩት። ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። በተማሪ ድርሰት ውስጥ ባየው ኖሮ በቀይ አሰምርበትና «ማን ለካ?» ብዬ ጠርዙ ላይ እጽፍ ነበር።

ማርች 7

ከንቲባዋ ጽሑፉን ይፈልጋሉ። ቀኑ ካለፈ ሳምንት ሆነው። አንድ አንቀጽ ቀርቷል አልኳቸው። ሁበርት ደግሞ በዓመታዊው ስብሰባ የብር ዓርማ ሊሰጡኝ እንደወሰኑ ነገረኝ። «ድንገተኛ እንዲሆን ነበር፤ ግን ከረባት አድርገህ ና» አለኝ።

ማርች 14፣ ዓርብ

ዓመታዊው ስብሰባ፣ በመጠጥ ቤቱ ትልቁ ክፍል። ሃምሳ ሁለት አባላት ነበሩ። ኩንክልም መጣ፤ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። ነጥብ አንድ፣ ሰላምታ። ነጥብ ሁለት፣ በዓመቱ የሞቱትን ማሰብ። ነጥብ ሦስትና አራት እንደተለመደው። ነጥብ አምስት፣ ክብር።

ሁበርት ዓርማውን በትንሽ ሣጥን ይዞ ተነሣ። ደህና ንግግር ነበር፤ ግጥም አልነበረበትም። ሁሉም አጨበጨቡ። ወደ ፊት ወጣሁ።

«ከመቀበሌ በፊት» አልኩ፤ «ስለ ድንጋዩ። ድንጋዩን ያቆመው ቫልዴማር ነው። ያቆመው ግን እኔ በጠመኔ ባሰመርኩለት ቦታ ነው። የለካሁት እኔ ነኝ። መንገዱ ዝቅ ማለቱን ረስቼ ከመንገዱ ለካሁ። ቫልዴማር ያን ቀን ከመስኮቱ ደፍ ብንለካ አይሻልም ወይ ብሎኝ ነበር፤ ስሌቱን ለእኔ ተወው አልኩት። እሱ ምንም አላጠፋም። ስሕተቱን ከ1991 ጀምሮ አውቃለሁ። አባቱ ቤቴ መጥቶ ጠይቆኝ ዋሸሁት። ሰሞኑንም እናንተ ስትስቁበት ዝም አልኩ።»

ሁበርት ዓርማውን ወዴት እንደሚያደርገው ጨነቀው። «ሎታር... ይህ... በነጥብ ሰባት፣ በልዩ ልዩ ሥር ቢሆን አይሻልም ነበር?» አለ። ማንም አልሳቀም። እሱም ለመቀለድ አልነበረም፤ የሚለው ነገር ጠፍቶት ነው።

አልሙት ከመዝገቡ ቀና አለች። «በቃለ ጉባኤው ይግባ?»

ኩንክል በሩ አጠገብ ተነሣ።

«ይግባ» አለ። ድምፁ ጎርናና ነው፤ ዝቅ አድርጎ ቢናገርም ይሰማል። «ሠላሳ አራት ዓመት እጄ ነው ያጠፋው ስል ኖርኩ። ያን ቀን ጠጥቼ ነበር ይሆን? ቸኩዬ ነበር ይሆን? እያልኩ። አልጠጣሁም ነበር። አልቸኮልኩም።» ወደ አልሙት ዞረ። «አባቴ በ1999 ሞተ። እሱንም ጻፊ።»

«እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አለች አልሙት።

«እንዳልኩት።»

ተቀመጠ። አልሙት ጻፈች። ሁበርት የዓርማውን ሣጥን ዘግቶ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወደ ኩንክል ሄዶ ትከሻው ላይ እጁን አኖረ፤ ኩንክልም ተወው። እኔ ወደ ቦታዬ ተመለስኩ። ኔሌ ከጎኔ ነበረች፤ ወንበሯን አላራቀችም፤ አላቀረበችምም።

ነጥብ ስድስት የጁን ወር የአውቶቡስ ጉዞ ነበር። በሙሉ ድምፅ አለፈ።

ስንወጣ በረንዳው ላይ ኩንክልን ጠበቅኩት። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ ቃሉን ቀኑን ሙሉ ሳዘጋጅ ውያለሁ። ገና አፌን ስከፍት እጁን አነሣ።

«ዛሬ አይሁን፣ መምህር» አለኝ። «ዛሬ አባቴን እያሰብኩ ነው።»

ኮፍያውን አድርጎ ወደ ወንዙ ወረደ።